ከአዳማ ወጥቶ በመኪና ማደር፦ በስምጥ ሸለቆ የካምፕ ቦታ እንዴት ይገኛል?

ቅዳሜና እሁድን ከከተማ ወጥቶ፣ በመኪናው ወይም በድንኳኑ አድሮ መመለስ ለሚሻ ሰው አዳማ ምቹ መነሻ ናት። በምሥራቅ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ፣ በደቡብ ሶደሬና የአርሲ ተራሮች፣ በደቡብ ምዕራብ ከቆቃ እስከ ሻላ የተሰለፉት ሐይቆች፣ በሰሜን ምዕራብ ደግሞ የቢሾፍቱ ሐይቆች አሉ። ወደ ሁሉም አቅጣጫ አስፋልት ይወስዳል፤ ጠዋት የተነሳ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሶ ማረፊያውን ማዘጋጀት ይችላል።

በአሜሪካና በአውሮፓ፣ የሚተኙበትና የሚያበስሉበት የመኪና ቤት ይዘው የሚጓዙ ሰዎች የሚያድሩበት ቦታ ተለይቶ ተሠርቶላቸዋል። መብራት የሚሰካበት ሶኬት፣ የውሃ ቧንቧ፣ ሽንት ቤትና የቆሻሻ ውሃ መድፊያ አለው፤ በር ላይም ዋጋው ተጽፏል። በእኛ አካባቢ እንዲህ የተሟላ ጣቢያ አልተለመደም። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው ከወዲሁ «ቦታ የለም» ብሎ ሐሳቡን ይተዋል። ቦታስ አለ፤ የጎደለው ምልክትና የታወቀ አሠራር ነው። ምልክት በሌለበት አገር ደግሞ ቦታ የሚገኘው በመጠየቅ ነው። የት የት መጠየቅ እንደሚገባ፣ ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚሻልና ሌሊቱን በሰላም ለማደር ምን ማወቅ እንደሚያስፈልግ ከዚህ በታች በዝርዝር ቀርቧል።

በየትኛው መኪና?

በስምጥ ሸለቆ መንገድ ላይ የመኪና ቤት ሲያልፍ ከታየ ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ተጓዥ ነው። ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚዘልቀው አፍሪካን አቋራጭ መንገድ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔና በሐዋሳ አድርጎ ወደ ሞያሌ ይወርዳል። አህጉሩን በመኪና የሚያቋርጡ ሰዎች በእነዚህ ከተሞች ውስጥ የሚያልፉት ለዚህ ነው። ለአገሬው ሰው ግን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለውን መኪና ከውጭ አስመጥቶ ለመጓዝ ማሰብ አያዋጣም። ባለው መኪና መጠቀም ነው የሚሻለው።

የኋላ ወንበሩ የተነሳለትና ፍራሽ የተነጠፈበት ሚኒባስ ሁለት ሰው በምቾት ያስተኛል። ከኋላው ሸራ የለበሰ ፒክአፕም እንዲሁ። አነስተኛ አውቶሞቢል ያለው ሰው ደግሞ ድንኳን ይዞ መሄድ ይችላል። ዝቅ ያለ መኪና ለቢሾፍቱ፣ ለሶደሬና ለከተማ ሆቴሎች ይበቃል። በአዋሽ ፓርክ ውስጥ ለመዘዋወርና ወደ ሻላ ዳር ለመውረድ ግን ከፍ ያለ መኪና፣ ቢቻል ፎር ዊል ያስፈልጋል። የትም ቢሄዱ ስኮርታው ንፋስ እንዳለውና ክሪኩ እንደሚሠራ ከቤት ሳይወጡ ይፈትሹ። በዋናው መንገድ ላይ ባሉት ከተሞች ሁሉ ጎሚስታ ይገኛል፤ ከአስፋልቱ ከወጡ በኋላ ግን የሚረዳዎት በእጅዎ ያለው ብቻ ነው።

ከአሜሪካ ለመጡ ዘመዶችም አንድ ማሳሰቢያ አለ። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ነው። በ110 ቮልት የሚሠራ ምድጃ ወይም ቻርጀር ያለመቀየሪያ ቢሰኩት ይቃጠላል።

ማደሪያ የሚገኝባቸው አራት ዓይነት ቦታዎች

የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ድንኳን መትከልና መኪና ውስጥ ማደር በግልጽ የተፈቀደበት፣ ክፍያውም የታወቀ ቦታ ይኸው ነው። በር ላይ የመግቢያ፣ የመኪናና የካምፕ ክፍያ በየራሱ ይከፈላል፤ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የተለያየ ነው። ከዚህ ሌላ ጠመንጃ ይዞ አብሮዎት የሚያድር የፓርክ ጠባቂ፣ በተለምዶ ስካውት የሚባለው፣ ይመደባል። ስካውቱን እንደ ተጨማሪ ወጪ ብቻ አይዩት። መንገዱን፣ የአውሬውን ጠባይና የአካባቢውን ሰው የሚያውቀው እሱ ነው።

ሁለተኛው በሐይቅ ዳር ያሉት ሪሶርቶችና ሎጆች ናቸው። ብዙዎቹ ዋና ሥራቸው ክፍል ማከራየት ቢሆንም ሰፊ ግቢና የሣር ሜዳ ስላላቸው ድንኳን ወይም መኪና ያስተናግዳሉ። አንዳንዶቹ ድንኳኑን ራሳቸው ተክለው ከነፍራሹ ያከራያሉ። በዚህ በኩል ስምጥ ሸለቆ የቆየ ልምድ አለው። አቶ በቀለ ሞላ በመንገዱ ላይ ባሉ ከተሞችና በላንጋኖ ዳር ሆቴሎች ሲከፍቱ ከአዲስ አበባ የሚወርደው ቤተሰብ በመኪናው መጥቶ ሐይቅ ዳር ማደርን ተላመደ። አሁን በላንጋኖ ዙሪያ የሚታዩት ሪሶርቶች የዚያ ልማድ ተከታዮች ናቸው።

ሦስተኛው የከተማ ሆቴል ግቢ ነው። በአዳማ ከተማ ውስጥ መኪናው ውስጥ ለማደር የሚሻ ሰው ያለው ትክክለኛ ምርጫ ይህ ነው። አጥርና የሌሊት ዘበኛ ያለው ሆቴል መርጠው ሥራ አስኪያጁን ያነጋግሩ። አንድ ክፍል ተከራይቶ ለገላ መታጠቢያና ለሽንት ቤት መጠቀም፣ የቀረው ቤተሰብ ደግሞ መኪናው ውስጥ እንዲተኛ ማድረግ ለሁለቱም ወገን ይስማማል። ከዘበኛው ጋር ብቻ ተነጋግሮ ማደር ግን ሌሊት ጭቅጭቅ ያመጣል፤ የተፈቀደልዎትን ማን እንደፈቀደ ይወቁ።

አራተኛው የገበሬ ወይም የማኅበረሰብ መሬት ነው። ሜዳው ባዶ መስሎ ቢታይም ባለቤት የሌለው መሬት የለም፤ የግጦሽ ቦታ፣ የከብት ማጠጫ መንገድ ወይም የአምልኮ ሥፍራ ይሆናል። እንዲህ ባለ ቦታ ማደር የሚቻለው ገና በቀን ደርሶ የአካባቢውን ሽማግሌ ወይም የቀበሌውን አስተዳደር አስፈቅዶ ነው። ፈቃድ ያገኘ ሰው እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ይጠበቃል። ሳያስፈቅድ ጨለማ ውስጥ የቆመ መኪና ግን የሁሉንም ጥርጣሬ ይቀሰቅሳል።

ወደ ምሥራቅ፦ አዋሽ

ከአዳማ በወለንጪቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙበት መተሐራ ያደርሳል። ከከተማው አጠገብ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መንገዱንና የባቡር ሐዲዱን ሲፈታተን የኖረው የበሰቃ ሐይቅ አለ። ከዚያ አልፎ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ከመድረስዎ በፊት፣ የፓርኩ በር ይገኛል። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ስፋቱ 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን በኦሮሚያና በአፋር ክልሎች ድንበር ላይ ያርፋል። ሳላ፣ ከርከሮ፣ አጋዘንና ዝንጀሮ በብዛት የሚታዩበት ነው።

የድንኳን ቦታዎቹ በአዋሽ ወንዝ ዳር በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ናቸው፤ ፏፏቴውም ከዚያው አካባቢ ነው። በሰሜን በኩል በዘንባባ የተከበበው ፍልውሃ አለ፤ መንገዱ ሻካራ ስለሆነ ያለስካውትና ያለፎር ዊል አይሞከርም። በፓርኩ የድንኳን ቦታ ሲባል ጥላና ጠፍጣፋ መሬት ማለት ነው። ውሃ፣ ምግብ፣ መብራትና የሽንት ቤት ወረቀት ሳይቀር ከመተሐራ ወይም ከአዳማ ይዞ መግባት ያስፈልጋል።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራና በአካባቢው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ስለዚህ ወደዚህ አቅጣጫ ከመነሳትዎ በፊት ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውሎ ፓርኩ ክፍት መሆኑን፣ ካምፕ የተፈቀደው በየትኛው በኩል እንደሆነም መጠየቅ ግዴታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ደቡብ፦ ሶደሬና የአርሲ መንገድ

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ቤተሰብ ከሶደሬ ይጀምር። ከአዳማ በአዋሽ መልካሳ በኩል 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሙቅ ውሃውና ግቢው አዋሽ ወንዝ ዳር ናቸው። ቅርብ በመሆኑ የረሱት ዕቃ ቢኖር ተመልሶ ማምጣት ይቻላል፤ ልጅ ቢታመምም ከተማው ሩቅ አይደለም። ጦጣዎቹ ግን ምግብ ለመንጠቅ አያመነቱም፤ የመኪናው መስኮት ይዘጋ፣ የሚበላ ነገር ውጭ አይደር።

ሙቀት የማይስማማው ሰው በዴራ በኩል ወደ አሰላ ይውጣ። መንገዱ ከስምጥ ሸለቆው ወለል እየወጣ ወደ ጭላሎ ተራራ ሥር ስለሚያደርስ አየሩ በአንድ ሰዓት ተኩል ጉዞ ውስጥ ይለወጣል። እዚያ ለማደር ወፍራም ብርድ ልብስ ያስፈልጋል።

ወደ ደቡብ ምዕራብ፦ ከቆቃ እስከ ሻላ

ከአዳማ ወደ ሞጆ ተመልሶ ወደ ሐዋሳ የሚታጠፈው መንገድ የሐይቆቹ መንገድ ነው። ከሞጆ በመቂ እስከ ባቱ ያለውን በክፍያው የፍጥነት መንገድ ማለፍ ይቻላል።

ቆቃ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለኃይል ማመንጫ በተሠራው ግድብ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ለማየት ያምራል፤ ለማደር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጉማሬና አዞ አለበት፤ ከሞጆ በኩል የሚገባው ወንዝም የፋብሪካ ፍሳሽ ይዞ ስለሚመጣ ውሃው ለመጠጥም ለመታጠብም አይሆንም። ማደር ከፈለጉ ውሃው ዳር ሳይሆን በተከለለ ግቢ ውስጥ ይሁን።

ባቱ፣ ብዙ ሰው ዝዋይ እያለ የሚጠራት ከተማ፣ በደንበል ሐይቅ ዳር ናት። ሐይቁ ቱሉ ጉዶን ጨምሮ ደሴቶች አሉት፤ ጥምቀት በሐይቁ ዳር በድምቀት ስለሚከበር በዚያ ሰሞን ማረፊያ አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። በደንበል መዋኘት አይመከርም፤ ብልሃርዚያ የሚያስተላልፍ ቀንድ አውጣ አለበት፤ ጉማሬም አለ። ለማደር የሆቴል ግቢ፣ ለእራት የሐይቁ ዓሣ፣ ለጠዋት የጀልባ ጉዞ ብሎ ማሰብ ይሻላል።

ላንጋኖ ለካምፕ ከሁሉም የተሻለ ዝግጅት ያለበት ቦታ ነው። ውሃው ቡናማ ሆኖ ለዓይን ባይስብም ከብልሃርዚያ ነፃ በመሆኑ የታወቀ ነውና ሰው በነፃነት ይዋኝበታል። ምዕራቡ ዳር ላይ ያሉት ሪሶርቶች ከዋናው አስፋልት ጥቂት ኪሎ ሜትር የጥርጊያ መንገድ ገባ ብለው ይገኛሉ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ስለሚበረታ ማዕበል ይነሳል፤ ዋናውን ጠዋት ያድርጉት፤ የድንኳኑንም በር ከሐይቁ አዙረው ይትከሉ።

ከላንጋኖ ማዶ፣ ከአስፋልቱ በስተምዕራብ፣ የአብያታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ አለ። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ሁሉ የጠለቀ ሐይቅ ነው። አብያታ በተቃራኒው ጥልቀት የሌለው፣ ውሃው ለሶዳ አሽ ማምረቻና ወደ እሱ የሚፈሱት ወንዞች ለመስኖ በመዋላቸው እየሸሸ የመጣ ሐይቅ ነው። ውሃው የለቀቀው ሜዳ ደረቅ መስሎ ይታያል፤ ሥሩ ግን ጭቃ ነው። ፍላሚንጎ ለማየት ብሎ መኪናውን እስከ ውሃው ጫፍ የነዳ ሰው ይሰጥማል፤ መኪናው በጠንካራው መሬት ይቁም፣ የቀረውን በእግር ይሂዱ። በሻላ ዳር ያለው ፍልውሃም የሚፈላ ስለሆነ ልጆች ያለአዋቂ እንዳይጠጉት።

ከዚህ አልፎ የሚሄድ ሰው ሻሸመኔን እንደ ስንቅ መሙያ ይጠቀምባት፤ ነዳጅ፣ አትክልትና ጎሚስታ አይጠፋባትም። ከከተማው በስተምዕራብ የሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ አለ፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ቆርኬ ለማየት የሚኬድበት ነው።

ቢሾፍቱ፦ ቅርብ ግን ውድ

ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና ሌሎቹ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ዳራቸው በአብዛኛው በሪሶርት ተይዟል። በ2007 ዓ.ም. ለትራፊክ የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሁለቱም ከተሞች ቅርብ ስላደረጋት ቅዳሜና እሁድ ትሞላለች። የኢሬቻ በዓል በሆራ አርሰዲ በሚከበርበት ሰሞን ጨርሶ ቦታ አይገኝም። እዚህ ለማደር በሳምንቱ መካከል፣ አስቀድሞ ደውሎ መሄድ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት የሚጠይቁት

ቦታ ሲያገኙ ደስታው እንዳያስቸኩልዎት እነዚህን ይጠይቁ። ክፍያው በሰው ነው ወይስ በመኪና? ሽንት ቤቱና ገላ መታጠቢያው ሌሊትም ይከፈታል? ውሃ መቼ መቼ ይመጣል? ከጄኔሬተሩ መብራት መሳብ ይቻላል? ሌሊት ማን ይጠብቃል? ሙዚቃው ስንት ሰዓት ይቆማል? የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ቅዳሜ ምሽት ሠርግ ያለበት ግቢ እንቅልፍ አይሰጥም። መኪናው ከፍ ያለ ከሆነ የበሩን ቁመት በዓይንዎ ይለኩ። የከፈሉበትን ደረሰኝ ይቀበሉ።

ነዳጅን በተመለከተ ማደያዎች ክፍያ የሚቀበሉት በቴሌብርና በመሳሰሉት ዲጂታል መንገዶች ስለሆነ ስልክዎ ላይ ሒሳብ ይኑር፤ ግማሽ ሲደርስ ይሙሉ፤ የሚቀጥለው ከተማ ላይ ወረፋ ሊያጋጥም ይችላል።

ሌሊቱን የሚወስኑት አምስት ነገሮች

ውሃ፦ በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ በዝቶ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በአካባቢው ከዚህ በላይ የሆኑ ጉድጓዶች አሉ። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፣ ፍሎራይዱን ግን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ያጠናክረዋል። ለልጆች የታሸገ ውሃ፣ ለዕቃ ማጠቢያ ደግሞ ከቤት የተሞላ ጀሪካን ይያዙ።

ወባ፦ አካባቢው ቆላና ወይና ደጋ ስለሆነ ወባ አለ፤ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት ይበረታል። መኪና ውስጥም ቢሆን አጎበር ይዘርጉ፣ ማታ እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ ሳይዘገዩ ይመርመሩ።

አውሬ፦ ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውልና ሌሊት ሣር ፍለጋ ይወጣል። በወንዝ ወይም በሐይቅ ዳር ሣሩ ተረግጦ የወጣ መንገድ ካዩ የጉማሬ መመላለሻ ነው፤ በዚያ ላይ ድንኳን አይተከልም። አዞ ባለበት ወንዝ ዳር ሌሊት ውሃ መቅዳት የለም። ምግብ፣ ጫማና ቆዳ ነክ ዕቃ ጅብ እንዳይወስደው መኪና ውስጥ ይደር።

ንፋስ፦ ከአዳማ ዳር በኮረብታዎቹ ላይ የቆሙት 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች ያለምክንያት እዚያ አልተተከሉም። ድንኳኑን በአጭር ካስማ ማሰር አይበቃም፤ ረጅም ካስማና ከባድ ድንጋይ ይጠቀሙ፤ መኪናውን ንፋሱ በሚመጣበት በኩል አቁመው እንደ ግድግዳ ይጠቀሙበት።

እሳት፦ በደረቅ ወራት አንድ ፍም ሜዳውን ሊያቃጥል ይችላል። በቡታጋዝ ወይም በምድጃ ላይ በከሰል ያብስሉ፤ ግራር አይቁረጡ። የስምጥ ሸለቆው ግራር ለከሰል እየተመነጠረ በሄደበት ጊዜ ለአንድ ሌሊት ሙቀት ሲባል ዛፍ መቁረጥ ነውር ነው።

መቼ ይኬዳል?

ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው፤ ዝናቡ ቆሟል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሌሊቱም ቀዝቀዝ ይላል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ አዋሽ በጣም ይሞቃል፤ መኪና ውስጥ መተኛት አይቻልም። በክረምት ደግሞ ከአስፋልት የሚወጡት መንገዶች ጭቃ ይሆናሉ።

የጸጥታው ሁኔታ ከወር ወር ስለሚለያይ በሚሄዱበት አካባቢ ካለ ሰው ጋር በዚያው ሳምንት ይነጋገሩ። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አይንዱ። በጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና፣ በሐዋሳ መንገድ ላይ ከብትና ጋሪ በጨለማ ብዙ አደጋ ያደርሳሉ።

ለባለ ሆቴሎችና ለከተሞች

አዳማ የስብሰባና የመተላለፊያ ከተማ ናት። በመኪናው የሚያድር እንግዳን ለመቀበል አዲስ ሕንፃ አያስፈልጋትም። በአንድ ሆቴል ግቢ ጥግ ለአራትና ለአምስት መኪና የሚሆን የተደለደለ መሬት፣ አንድ ቧንቧ፣ ጥቂት ሶኬት፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ በር ላይም በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዋጋ ይበቃል። የባቱ፣ የአርሲ ነጌሌና የሻሸመኔ አስተዳደሮችም በመሬታቸው እንዲህ ያለ ቦታ ለይተው ለአካባቢው ወጣቶች ማኅበር ቢሰጡ ሥራም ገቢም ይሆናል፤ ተጓዡም በየሜዳው ከመቆም ይድናል።

ተጓዡ ደግሞ የራሱ ግዴታ አለበት። የቆሸሸ ውሃ ወደ ሐይቅ አይድፉ፤ የያዙትን ፕላስቲክ መልሰው ይውሰዱ፤ ለስካውቱም ለዘበኛውም የሚገባውን ይክፈሉ። ዛሬ ፈቅዶ ያሳደረን ባለ ግቢ ነገ ለሚመጣው ቤተሰብም በሩን እንዲከፍት የሚያደርገው የእኛ አነሳስ ነውና፣ ቦታውን ካገኘንበት ይበልጥ አጽድተን እንልቀቅ።